የኋላ ጎማዬ ውስጥ የገባው ሞተር፦ በቤንዚን መኪና ላይ በራስ የሚገጠም የኤሌክትሪክ ድጋፍ ኪት ግምገማ

ከአሥራ አራት ወራት በፊት በሁለት የእንጨት ሣጥኖች ታሽጎ የደረሰኝ ዕቃ፣ በፊት ጎማዎቿ የምትነዳ አነስተኛ የቤንዚን መኪና በኋላ ጎማዎቿ በኩል የኤሌክትሪክ ድጋፍ እንድታገኝ የሚያደርግና ባለቤቱ ራሱ ሊገጥመው ይችላል ተብሎ የሚሸጥ ኪት ነው። የሻጩን ስም አልጠቅስም፤ ተመሳሳዩ ዕቃ ሣጥኑና መለያው እየተቀያየረ ከተለያዩ ሻጮች ስለሚገኝ፣ ስም ከመጥራት ይልቅ ኪቱ ምን እንደያዘና ምን እንደጎደለው ማስረዳት ለገዢ የበለጠ ይጠቅማል። አንድ የቃል ጉዳይም አስቀድሜ ላስተካክል። በአማርኛ ቤንዚን የሚያቃጥለውም በኤሌክትሪክ የሚዞረውም «ሞተር» ስለሚባል፣ እዚህ ላይ የመጀመሪያውን «ኢንጂን»፣ ሁለተኛውን ብቻ «ሞተር» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ለቸኮለ አንባቢ ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ሞተሮቹና ባትሪው ከጠበቅሁት በላይ ናቸው፤ ሽቦዎቹ፣ የአደጋ መከላከያዎቹና መመሪያው ግን ደካማ ናቸው፤ «በሁለት ቀን ተገጥሞ ያልቃል» የሚለው የሻጩ ቃል ደግሞ ፈጽሞ እውነት አይደለም። እኔና ለሃያ ዓመታት ያህል በፍሬንና በጎማ ሥራ ላይ የቆየ መካኒክ ወዳጄ ሰባት ሳምንት ፈጅቶብናል፤ ከዚያም በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰን ያስተካከልናቸው ነገሮች ጥቂት አይደሉም።

ከዕቃው ጋር የመጣው በራሪ ወረቀት ኪቱን «አዲስ ግኝት» ይለዋል። ሐሳቡ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ፈርዲናንድ ፖርሽ ለሎነር ኩባንያ ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ፣ ሞተሩ በጎማው እምብርት ውስጥ የተቀመጠበትን መኪና ሠርቶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ጄኔሬተር የሚያዞር የቤንዚን ኢንጂን ጨመረበት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቪክቶር ዎክ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ አንድ ቢዩክ ስካይላርክ በቤንዚንና በኤሌክትሪክ እንዲሄድ አድርጎ ለውጧል። በ1999 የወጣው ሆንዳ ኢንሳይት በኢንጂኑና በካምቢዮው መካከል 10 ኪሎዋት ገደማ የሚያወጣ ሞተር ይዞ ነበር። ለእኔ ኪት የቅርብ ዘመድ የሚሆነው ግን በ2011 ለገበያ የቀረበው ፔጆ 3008 ሃይብሪድ4 ነው፤ ፊት ለፊት የናፍጣ ኢንጂን፣ ከኋላ 27 ኪሎዋት ሞተር አለው፤ በሁለቱ መካከል ኃይል የሚያስተላልፍ ዘንግ የለም፤ የሚያገናኛቸው ጎማዎቹ የሚረግጡት መንገድ ብቻ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በፋብሪካ በተሠራው መኪና ውስጥ ኢንጂኑን፣ ሞተሩን፣ ፍሬኑንና ባትሪውን አንድ ላይ የሚመራ ኮምፒውተር አለ። በእኔ መኪና ውስጥ ኢንጂኑ ሞተር መኖሩን አያውቅም፤ ሞተሩም ኢንጂኑ ምን እያደረገ እንደሆነ አያውቅም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ብቸኛ አስታራቂ የእኔ እግር ነው። በዚህ ኪት ያየሁት ጥሩም መጥፎም ነገር በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ይመነጫል።

ሣጥኖቹ የያዙት እያንዳንዳቸው በተከታታይ 3 ኪሎዋት፣ ለአጭር ጊዜ ደግሞ 5 ኪሎዋት የሚያወጡ ሁለት የጎማ ውስጥ ሞተሮች፣ ለሞተሮቹ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥኑ ሁለት ኮንትሮለሮች፣ 100 አምፔር ሰዓት የሚይዙ አሥራ ስድስት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴሎች፣ የሴሎቹን ቮልቴጅ የሚቆጣጠር ሰርኪዩት፣ ቻርጀር፣ አንድ ኮንታክተር (ሲዘጋ ጅረት የሚያሳልፍ፣ ሲከፈት የሚቆርጥ ትልቅ የኤሌክትሪክ ማብሪያ)፣ ትንሽ ማሳያ፣ የፍሬን ዲስኮችና መያዣዎቻቸው ናቸው። እያንዳንዱ ሴል 3.2 ቮልት ስለሆነ ባትሪው በድምሩ 51.2 ቮልት፣ ማለትም 5.1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ሴሎቹን አንድ በአንድ ሞልቼ ባዶ በማድረግ ለክቻቸዋለሁ፤ ሁሉም የተጻፈባቸውን ያህል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይይዛሉ። ይህን ዓይነት ኬሚስትሪ መምረጣቸውም ያስመሰግናቸዋል፤ ከሌሎቹ የሊቲየም ዓይነቶች ጋር ሲነጻጸር ከመጠን በላይ ሞቆ በእሳት የመያያዝ ዝንባሌው አነስተኛ ነው፤ ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች በወረደ ጊዜ ግን መሞላት የለበትም፤ የኪቱ ቻርጀር ይህን የሚከለክል መቆጣጠሪያ የለውም። ባትሪውን ከኋላ በዕቃ መጫኛው ወለል ላይ፣ ብረቱን በስቶ በሚያልፍ ብሎንና ከሥር በተደረገ ሰፊ ሳህን አስረነዋል። አጠቃላዩ ተጨማሪ ክብደት 90 ኪሎ ግራም ገደማ ሆኗል፤ የኋላው ወንበር ላይ አንድ ወፍራም ሰው ሁልጊዜ እንደተቀመጠ ቁጠሩት።

የብረት ሥራው የመጀመሪያውን ወር በላ። ኪቱ የኋላውን ታምቡርና የፍሬን ሸራ አስወጥቶ፣ በምትኩ ሞተሩን ከነዲስኩ የሚሸከም አጭር አክስል ያስገባል። የሞተር ብስክሌት የጎማ ሞተር አክስሉ በግራም በቀኝም ይደገፋል፤ በመኪና ላይ ግን የሚይዘው በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ፣ መኪናው ሲታጠፍ ጎማው አክስሉን ለመስበር የሚሞክረውን ያህል ኃይል ኩሺኔታዎቹ ብቻቸውን ይቋቋማሉ። የኩሺኔታዎቹ ዓይነትና የመሸከም አቅማቸው በመመሪያው ውስጥ አልተጻፈም። ወዳጄ አንዱን ሞተር ፈትቶ ቁጥሩን ካነበበ በኋላ ለመኪናዬ ክብደት በቂ መሆናቸውን ከአምራቹ ሰንጠረዥ አረጋግጧል፤ ይህን ማረጋገጥ የማይችል ገዢ ግን በጭፍን እየነዳ ነው ማለት ነው።

የአክስሉ ዳዶም የራሱ ጣጣ አለው። ሞተሩ ጎማውን ወደፊት በሚገፋበት ጊዜ አክስሉ ወደ ኋላ ለመዞር ይታገላል፤ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይል ወደ ባትሪው መልሶ ሲሰበስብ ደግሞ ትግሉ በተቃራኒው ይሆናል። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ እስከ 180 ኒውተን ሜትር የሚደርስ የመጠምዘዝ ኃይል (ቶርክ) በቀን በመቶ ጊዜ እየተገለባበጠ ሲመታው፣ በደንብ ያልታሰረ ዳዶ ይላላል፤ አክስሉ አንድ ጊዜ ከዞረ በመካከሉ የሚያልፉትን የሞተሩን ሽቦዎች ጠምዝዞ ይበጥሳቸዋል። ኪቱ አክስሉን እንዳይዞር የሚይዝ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሳህን ይዞ ይመጣል፤ እኛ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ብረት ተክተነው፣ ዳዶዎቹን ካጠበቅን በኋላ ቀለም አስምረንባቸዋል። በየወሩ ጎንበስ ብዬ መስመሩ እንዳልተዛነፈ አያለሁ።

ፍሬኑን በተመለከተ ለወዳጄ ሙሉ ሥልጣን ሰጥቼዋለሁ። የኋላ ጎማዎች ከፊተኞቹ በፊት ከተቆለፉ መኪናው ይሽከረከራል፤ ታምቡር በዲስክ ሲተካ በፊትና በኋላ መካከል የነበረው የፍሬን ክፍፍል ይለወጣል። ባዶ ሜዳ ላይ በተለያየ ፍጥነት ደጋግመን ከሞከርን በኋላ ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት የሚቀንስ ቫልቭ መጨመር አስፈልጎናል። የእጅ ፍሬኑ በመጀመሪያ ዳገት ላይ አልያዘም ነበር፤ ገመዱ ለአዲሱ መያዣ አጭር ስለነበር በልኩ አሠርተናል። ቸርኬው በሁለቱም ወገን ወደ ውጭ ትንሽ ወጣ ስላለ ጎማው የጭቃ መከላከያውን እንዳይነካ ጠርዙን ማጠፍም ነበረብን። ጉድጓድ ላይ የኋላው ክፍል ከበፊቱ የበለጠ ይንገጫገጫል፤ ከሞላው (ከስፕሪንጉ) በታች ያለው ክብደት በእያንዳንዱ ጎማ ላይ በ20 ኪሎ ያህል ሲጨምር ሾክ አብዞርበሩ የሚታገለው ከዚያ ሁሉ ክብደት ጋር ነውና፣ ይህን የሚያድን ብልሃት አላገኘሁም።

ወደ ሽቦው ልምጣ። 51 ቮልት ከ60 ቮልት በታች ስለሆነ ሰውን በመንዘር አደገኛ ከሚባለው ክልል ውጭ ነው፤ ሻጩም ይህን እንደ ትልቅ የደኅንነት ማረጋገጫ ያቀርበዋል። አደጋው ግን ከቮልቱ ሳይሆን ከአምፔሩ ነው። 10 ኪሎዋት በ51 ቮልት ለማግኘት ወደ 200 አምፔር ገደማ ያስፈልጋል፤ መፍቻ ሳይታሰብ በሁለቱ የባትሪ ጫፎች መካከል ቢወድቅ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር አምፔር በቅጽበት ይፈስሳል፤ መፍቻው ይቀልጣል፤ ቀለበት ያደረገ ጣትም አይተርፍም። ኪቱ የላከው ኬብል 25 ካሬ ሚሊ ሜትር ነበር። ከዕቃ መጫኛው እስከ ኮንትሮለሮቹ ደርሶ መልስ 8 ሜትር ርዝመት ሲኖረው፣ በ200 አምፔር ከ220 ዋት በላይ በሙቀት መልክ ያባክናል፤ በ50 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብል ስንተካው ብክነቱ በግማሽ ቀነሰ፤ እጅ ሲነካውም ለብ ከማለት አያልፍም።

ከኬብሉ ይበልጥ ያስቆጣኝ ፊውዙ ነው። በኪቱ ውስጥ የነበረው ለመኪና የድምፅ ማጉያ የሚሠራ፣ በ32 ቮልት የተገደበ ፊውዝ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ፊውዝ ከአቅሙ በላይ በሆነ ቮልት ሲቃጠል ውስጡ የሚፈጠረው የእሳት ቅስት አይጠፋም፤ ጅረቱ በቅስቱ በኩል መፍሰሱን ይቀጥላል። ለቀጥተኛ ጅረት የተሠራ፣ ቮልቱም ከባትሪው ከፍተኛ ቮልት በላይ የሆነ፣ በሺዎች የሚቆጠር አምፔር መቁረጥ የሚችል ፊውዝ ለብቻ ገዝቼ ከባትሪው ጫፍ አንድ ስንዝር እንኳ በማይርቅ ቦታ አስገብቻለሁ። ኮንታክተሩም በተዘጋ ቁጥር ጭልጭል የሚል ብልጭታ ነበረው፤ ምክንያቱም በኮንትሮለሮቹ ውስጥ ያሉት ባዶ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚያከማቹ ክፍሎች) ባትሪውን ሲያገኙ ለቅጽበት እንደ አጭር ዙር ይሆናሉ። ከኮንታክተሩ ጎን በትንሽ ሬሌ የሚገናኝ፣ ጅረቱን የሚገድብ ሬዚስተር ገጥመን፣ ካፓሲተሮቹ ለሁለት ሰኮንድ ያህል ቀስ ብለው ከሞሉ በኋላ ዋናው እንዲዘጋ አድርገናል። እነዚህ ለአምራቹ እዚህ ግባ የማይባሉ ወጪዎች ናቸው፤ መቅረታቸው ንድፉን ያወጣው ሰው መኪና ላይ ተገጥሞ እንዳላየው ያሳምነኛል።

መመሪያው በአንድም ቦታ ያላነሳው፣ እኔ ግን ሌላውን ሁሉ የዘለለ አንባቢ እንኳ ይህን እንዲያነብልኝ የምለምነው ጉዳይ ከፍተኛ ፍጥነት ነው። ቋሚ ማግኔት ያለው ሞተር፣ ኃይል ቢሰጠውም ባይሰጠውም፣ በዞረ ቁጥር ራሱ ቮልት ያመነጫል፤ ፍጥነቱ በጨመረ መጠንም ቮልቱ በዚያው ልክ ይጨምራል። የእኔ ሞተሮች በ51 ቮልት፣ ያለ ጭነት፣ በደቂቃ 650 ጊዜ ይዞራሉ። የጎማዬ ሬዲየስ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ይህ በሰዓት 73 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከዚያ በላይ ሲነዳ ሞተሩ የሚያመነጨው ቮልት ከባትሪው ይበልጣል፤ ጅረቱም በኮንትሮለሩ ውስጥ ባሉት ዳዮዶች (ጅረት በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉት ክፍሎች) በኩል ማንም ሳያዘው ወደ ባትሪው መፍሰስ ይጀምራል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ቮልቱ ወደ 70 ይጠጋል።

ይህን የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት፣ ባትሪውን ሌሊቱን ሞልቼ በማለዳ ረጅም ቁልቁለት ስወርድ፣ ፍጥነቱ 85 አካባቢ ሲደርስ መኪናው ሰው ፍሬን እንደያዘበት ተጎተተ፤ የድጋፉ ማብሪያ ጠፍቶ ሳለ ማሳያው ወደ ባትሪው የሚገባ 40 አምፔር ያሳያል። ባትሪው ሙሉ ስለነበር የሴሎቹን ቮልቴጅ የሚቆጣጠረው ሰርኪዩት እነሱን ለማዳን ኮንታክተሩን ከፈተው፤ ያን ጊዜ መሄጃ ያጣው ቮልት በካፓሲተሮቹ ላይ ዘለለ፤ የግራው ኮንትሮለር ጧ ብሎ ሞተ፤ የኋላው ክፍል በተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ተሞላ። ከፍተን ስናየው ካፓሲተሮቹ ለ63 ቮልት ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ የዚህ ባትሪ ሙሉ የመሙያ ቮልት 58.4 መሆኑን ላሰበ ሰው፣ ልዩነቱ ከጥንቱም ለምንም የማይበቃ ነበር።

መፍትሔው ሁለት ነገር ሆነ። ኮንትሮለሮቹን 100 ቮልት በሚችሉ ተካሁ፤ ከሞተር ወደ ኮንትሮለር በሚሄዱት ሦስት ሽቦዎች ከሁለቱ ላይ ደግሞ ፍጥነቱ 65 ሲደርስ የሚከፈቱ ኮንታክተሮች አስገባሁ። ሁለቱ ከተቆረጡ ሦስተኛው ብቻውን ጅረት ሊያዞር ስለማይችል ሞተሩ ነፃ ሆኖ ይሽከረከራል። ኮንታክተሮቹ ጅረት እያለፈባቸው እንዳይከፈቱ መጀመሪያ ኮንትሮለሩ ኃይሉን ወደ ዜሮ እንዲያወርድ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ ይህን ቅደም ተከተል የሚፈጽም ትንሽ ሰርኪዩት አንድ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ሠርቶልኛል። ከዚያ ወዲህ ችግሩ አልተደገመም።

ኪቱ ሾፌሩ ምን እንደሚፈልግ የሚያውቀው ነዳጅ መስጫው ላይ ከሚገጠም ዳሳሽ ነው። የመኪናውን የራሱን ዳሳሽ ሽቦ ቆርጦ ከመጋራት ይልቅ ለብቻው መምጣቱ ተገቢ ነው፤ የኢንጂኑ ኮምፒውተር የሚያነበው ቮልት በትንሹም ቢዛባ ኢንጂኑ ያለ ምክንያት ሊጮህ ወይም ሊጠፋ ይችላልና። ፍሬን ሲረገጥ ድጋፉ ወዲያው ይቋረጣል፤ ፍሪሲዮንና የኋላ ማርሽ ግን በመመሪያው አልተካተቱም፤ ወደ ኋላ ስሄድ ሞተሮቹ ወደፊት እንዳይገፉ የራሴን መቁረጫ ከኋላ ማርሹ መብራት ላይ ወስጃለሁ። ፍሬን ስይዝ ኃይል መልሶ የመሰብሰቡ ሥራ በደረቅ መንገድ ደስ ይላል፤ በዝናብ ግን የሚይዘው የኋላውን ጎማ ብቻ በመሆኑ፣ የመኪናው ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው የፍሬን ሥርዓት) ደግሞ ስለዚህ ተጨማሪ ፍሬን የሚያውቀው ነገር ስለሌለ፣ አንድ ጊዜ በመታጠፊያ ላይ የኋላው ክፍል ሸርተት ብሎብኛል። አሁን መጠኑን ወደ ሲሶ ዝቅ አድርጌ፣ በዝናብ ጊዜ ጭራሽ የሚያጠፋ ማብሪያ ዳሽቦርዱ ላይ አድርጌያለሁ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ልፋት ምን ያህል ቤንዚን አተረፈ? በየቀኑ የምሄድበት መንገድ ደርሶ መልስ 36 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ አብዛኛው ቆም ሄድ የሚባልበት የተጨናነቀ ጎዳና ነው። ከመግጠሜ በፊት ለአንድ ወር ታንኩን አፉ ድረስ እየሞላሁ ስለካ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ገደማ ይወስድ ነበር። ከተገጠመ በኋላ በየሌሊቱ ከሶኬት እየሞላሁ ስነዳ 5.5 ሊትር ገደማ ሆኗል። ከሶኬት ሳልሞላ፣ ፍሬን ስይዝ በሚሰበሰበው ኃይል ብቻ ለሁለት ሳምንት ስሞክረው ግን 7.6 አካባቢ ነበር። የአንድ መኪናና የአንድ ሾፌር ልኬት ነው፤ ሆኖም ቁጥሮቹ ከስሌቱ ጋር ይስማማሉ።

ስሌቱን ላስረዳ፤ የሻጩ ተስፋ ከየት ላይ እንደሚጋነን የሚታየው በዚህ ነውና። አንድ ሊትር ቤንዚን 9 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል አለው፤ ኢንጂኑ በከተማ ውስጥ ከዚህ ወደ ጎማው የሚያደርሰው አንድ አምስተኛውን ያህል ብቻ ነው። ሻጩ የባትሪውን ኃይል በዚህ አንድ አምስተኛ አካፍሎ «አንድ ሙሌት ከሁለት ሊትር በላይ ይተካል» ይላል። በመጀመሪያ፣ ከ5.1 ኪሎዋት ሰዓት ውስጥ ባትሪውን ላለመጉዳት የምጠቀምበት 4 ገደማውን ነው፤ በኮንትሮለርና በሞተር ከባከነው በኋላ ጎማው ላይ የሚደርሰው 3.2 ገደማ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ስህተት ግን ኢንጂኑ አለመጥፋቱን መርሳት ነው። ኢንጂን ምንም ሥራ ሳይሠራ ለመዞር ብቻ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ይበላል፤ እኔ በቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ መንገድ ላይ ስለምውል፣ ወደ አንድ ሊትር የሚሆነው ሞተሩ አገዘ አላገዘ የሚቃጠል ነው። ሞተሩ የሚያስቀረው ከዚያ በላይ ያለውን፣ ለመግፋት የሚወጣውን ቤንዚን ብቻ ነው፤ ይህኛው ቤንዚን ደግሞ ከሦስት እጁ አንዱን ያህል ወደ ሥራ ስለሚቀይር፣ 3.2 ኪሎዋት ሰዓት የሚተካው አንድ ሊትር ገደማ ነው። ከተጨማሪው ክብደት ጋር በቀን 0.9 ሊትር ማግኘቴ ኪቱ በአግባቡ እንደሚሠራ ያሳያል፤ ሻጩ የሚለውን ያህል ሊሠራ ግን በተፈጥሮ አይችልም።

ፍሬን ሲያዝ የሚሰበሰበውም ቢሆን ሲነገርለት ትልቅ፣ ሲለካ ትንሽ ነው። 1200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የተሸከመው የእንቅስቃሴ ኃይል 32 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ከፊሉን አየርና ጎማ ይወስዱታል፤ ከፊሉን የፊት ፍሬን ይወስደዋል፤ ወደ ባትሪው ገብቶ ተመልሶ ሲወጣም ይባክናል። ግማሹ ቢመለስ እንኳ በቀን አርባ ጊዜ ከዚያ ፍጥነት ላይ መቆም 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ከዚህም ሌላ በነዳጅ መርጫ የሚሠራ ኢንጂን ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ሲነሳለት ቤንዚን መርጨቱን ያቆማል፤ በሌላ አነጋገር ኢንጂኑ በነፃ ይሠራው የነበረውን ፍጥነት የመቀነስ ሥራ ሞተሩ እየተሻማው ነው።

በራሪ ወረቀቱ «አልተርኔተሩ እየሄዱ ባትሪውን ስለሚሞላ ሶኬት አያስፈልግም» የሚል ዓረፍተ ነገርም አለው። አልተርኔተሩን የሚያዞረው ኢንጂኑ ነው፤ በቺንጋ፣ በአልተርኔተር፣ በባትሪና በሞተር አልፎ ወደ ጎማው የሚመለሰው ኃይል ከመጀመሪያው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ያንኑ ቤንዚን በቀጥታ በካምቢዮ በኩል ወደ ጎማው መላክ ይሻላል። ይህን የጻፈው ሰው ሞተሮቹን ከሠራው ሰው ጋር አንድ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ለአነዳድ ግን እውነተኛ ለውጥ አለው። ከቆመበት ሲነሳ ከኋላ በለስላሳ እጅ እንደመገፋት ያለ ነው፤ ሁለተኛ ማርሽ ይጠይቀኝ በነበረበት ቦታ ሦስተኛው ይበቃል፤ ማርሹን ቀደም ብዬ ከፍ በማድረግ ኢንጂኑን በዝቅተኛ ዙር ማቆየት የቻልኩ ጊዜ ነው ቁጠባው ጎልቶ የሚታየው። በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ልማዴ ማርሽ እያጮህኩ ስነዳ የቀነሰው ቤንዚን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ዳገት ላይ ገደብ አለው፤ ስምንት በመቶ ከፍታ ባለው ዳገት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለመውጣት የእኔ መኪና ወደ 10 ኪሎዋት ይፈልጋል፤ ይህ የሁለቱ ሞተሮች የአጭር ጊዜ አቅም በሙሉ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር በሚሆን ዳገት ላይ ግማሹን ብቻ እንዲያግዙ አድርጌም የሞተሩ ሙቀት 110 ዲግሪ ደርሷል። ኮንትሮለሩ በ120 ያቋርጣል፤ ርካሽ የኒዮዲሚየም ማግኔት ግን ከ80 ዲግሪ ጀምሮ ጉልበቱን ለዘለቄታው ሊያጣ ስለሚችል፣ የማግኔቱ ደረጃ እስኪነገረኝ ድረስ መቋረጫውን ወደ 90 አውርጄዋለሁ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ደግሞ 13 ኪሎዋት ገደማ ስለሚጠይቅ፣ ረጅም መንገድ ላይ ይህ ኪት 90 ኪሎ ጭነት ከመሆን አያልፍም።

አንዳንድ ገዢዎች ሞተሩ ብቻውን በዝግታ መኪናውን መግፋት እንደሚችል ሲያዩ ኢንጂኑን አጥፍተው መሄድ እንደሚጀምሩ ከወዳጄ ጋራዥ ደንበኞች ሰምቻለሁ። እኔም ባዶ ሜዳ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ ለመሄድ 2 ኪሎዋት የሚበቃ ስለሆነ ጸጥታው ያስጎመጃል። ነገር ግን ፍሬን የሚያለሰልሰው ቫኩም የሚመጣው ከኢንጂኑ ነው፤ ኢንጂኑ ከጠፋ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ መሪውም በፓምፕ የሚታገዝ ከሆነ ይከብዳል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቫኩም ፓምፕ ሳይጨምሩ ይህን ማድረግ የሚያስከትለው አደጋ ከሚያስገኘው የቤንዚን ቁጠባ ጋር የሚመዛዘን አይደለም። ስለ ፈቃድም አንድ ነገር ልበል፦ የፍሬን ክፍልና አክስል የተለወጠበት መኪና በብዙ አገር እንደ አዲስ መመርመር አለበት፤ ኢንሹራንስም ሳይነገረው የተደረገ ለውጥን ምክንያት አድርጎ ክፍያ ሊከለክል ይችላል። እኔ ሳልገዛ በፊት ጠይቄ የምርመራውን ወረቀት አግኝቻለሁ፤ ሻጩ ግን ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

የሻጩን አገልግሎት በተመለከተ ድብልቅ ነገር አይቻለሁ። አንዱ የሙቀት ዳሳሽ በተበላሸ ጊዜ ፎቶ ከላክሁ በኋላ አዲስ ዳሳሽ ያለ ክፍያ በሦስት ሳምንት ውስጥ ደርሶኛል፤ ለተቃጠለው ኮንትሮለር ግን «ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ነድተዋል» የሚል መልስ ሰጡኝ። የተፈቀደው ፍጥነት የት እንደተጻፈ ብጠይቃቸው፣ በሚቀጥለው እትም መመሪያ ላይ እንደሚካተት ገለጹልኝ። የአክስሉን ንድፍ፣ የኩሺኔታውን የመሸከም አቅምና የማግኔቱን ደረጃ እንዲልኩልኝ አራት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ በአራቱም ጊዜ የመጣልኝ መልስ ያው ስለ «አዲሱ ግኝት» የሚያወራው በራሪ ወረቀት ነው።